ጦስኝ ድንጋይ መሃል ምንጣፍ ይሆናል? እኔ ሁለቴ ገድየዋለሁ

የሰሚቷ
መስከረም 28

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። እያነበብኩ ዝም ከሚሉት ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው። ቤታችን ሲሠራ ከአጥሩ መሠረት የተረፈ ጥቁር ድንጋይ በር ላይ ተከምሮ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ዛሬ እናስወጣው፣ ነገ እናስወጣው" ስንል ድንጋዩ እንደ ቤተሰብ ሆነ። መጨረሻ ላይ ባለቤቴን "በቃ አይወጣም፤ አትክልት እናድርገው" አልኩት። ከበረንዳው እስከ በሩ ድረስ 4 ሜትር በ3 ሜትር የምትሆን ዝቅዝቅ ያለች ቦታ አለችን። ድንጋዮቹን እዚያ ደረደርናቸው። ሁለት እሬት ተከልን፤ አንድ ሮዝመሪም አለ። መሃል መሃሉ ግን ራቁቱን ቀረ። ጦስኝ የፈለግኩት ለእሱ ነው።

ለምን ጦስኝ? የዛሬ ሦስት ዓመት ለለቅሶ ወደ መንዝ ስንሄድ ጣርማ በር አካባቢ ጎማችን ተነፈሰ። እስኪቀየር ድረስ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩበት ነገር ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጦስኝ ነው፤ ቁመቱ ከጣቴ አይበልጥም፤ ድንጋዩን ጥምጥም አድርጎ ይዞ እስከ ገደሉ ጫፍ ወርዷል። ቀሚሴ እስከ ማታ ሻይ ሻይ ይል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያውን ሚያዝያ ላይ ተከልኩ። ዘመድ በማዳበሪያ ከረጢት ከነአፈሩ አሥራ ሁለት ቁራጭ ላከልኝ። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ፍግ ጨምሬ፣ ጠዋትና ማታ እያጠጣሁ እንደ ሕፃን ተንከባከብኩት። እስከ ሰኔ ለጥ ብሎ አማረብኝ። ሐምሌ ላይ ከመሃል ጠቆረ። ነሐሴ ላይ ሳነሳው እንደ ረጠበ የሻይ ቅጠል እጄ ላይ ተበጣጠሰ።

ሁለተኛውን ከአንድ ችግኝ መሸጫ ገዛሁ። "ጦስኝ ነው?" ስላቸው "አዎ፣ ታይም ነው" አሉኝ። እሱማ ከመሳብ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እስከ ጉልበቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ ደረቀ።

አሁን ክረምቱ ወጥቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ወይስ ልተወው? ይህ ተክል ከተማ ውስጥ አልኖርም ብሎ ነው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?


ቀልዱ ይቅር
መስከረም 28

የሞተውን አድርቀሽ በርበሬ ውስጥ ጨምሪው፤ አይባክንም።


የሰሚቷ
መስከረም 28

የበሰበሰውን? አንተን ነው ምሳ የምጋብዝህ።


የባሶናው
መስከረም 29

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ግን ከፍቅር የመጣ ጥፋት ስለሆነ ይቅር ይባላል።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ የምንተኛው ጦስኝ ላይ ነበር። የት እንደሚበቅል ልንገርሽ፤ ከዚያ ለምን እንደሞተብሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ጨፌ ላይ በፍጹም አታገኚውም። ከብት የሚያድርበት፣ ፍግ የበዛበት ቦታም አይወድም። የሚገኘው ማረሻ የማይገባበት ተረተር ላይ፣ መንገድ ሲቆረጥ በተረፈው ግንብ መሰል አፈር ላይ፣ ድንጋይ ለድንጋይ መሃል ነው። አፈሩ ሲሳሳ እሱ ይበረታል። ሣሩ ረዘም ብሎ ጥላ ከጣለበት ደግሞ ቦታውን ለቆ ይሄዳል።

"ታዲያ ዝናቡስ?" ትይኝ ይሆናል። እኛም ጋ ክረምቱ ክረምት ነው፤ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ ከእናንተ ይብሳል። ልዩነቱ ውሃው አይቆምም። ድንጋዩን አጥቦ ቁልቁል ይሄዳል። ነገ ጠዋት ፀሐይ ትንሽ ብቅ ካለች ከላይ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ሰሚት ያለው አፈር ደግሞ መረሬ ነው፤ አይደለም እንዴ? መረሬ ውሃ ከያዘ እስከ መስቀል አይለቅም። ጦስኝሽ የሞተው ከብርድ አይደለም፤ ከከፍታም አይደለም። ከ2,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ የሚኖር ተክል ነው፤ አዲስ አበባ ትመቸዋለች። የሞተው እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው።

ፍጉስ? ፍግ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ልፍስፍስ ይላል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ሐምሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ያ ነው። ጠዋትና ማታ ማጠጣቱን አላነሳውም፤ ገብቶሻል።

ሌላ ነገር። በማዳበሪያ አስነቅሎ ማስመጣት ይቅር፤ እባክሽ። ይህ የእኛ ጦስኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ለገበያ የሚለቅሙት አንዳንዶቹ በማጭድ ማጨድ እየቻሉ ከነሥሩ እየነቀሉት ድሮ የምንተኛባቸው ቦታዎች ዛሬ መላጣ ሆነዋል። አንቺ ደግሞ ብዙ አያስፈልግሽም። ግንዱ እየተሳበ ሲሄድ መሬት በነካበት አንጓ ላይ ፀጉር የመሰለ ሥር ያወጣል። እሱን ጣት በሚያክል ርዝመት ቆርጠሽ እርጥብ ጋዜጣ ላይ ጠቅልለሽ ብታመጪ ይበቃል። እናትየው ተክል እዚያው ትቀራለች። ሃያ ቁራጭ በአንድ የእንጀራ ፌስታል ይገባል።


የሰሚቷ
መስከረም 30

ወንድሜ፣ አስተማርከኝም ሰደብከኝም፤ ሁለቱም ይገባኛል።

ያልከውን ስሰማ ወጣሁና እዚያው ሁለተኛው የሞተበት ቦታ ላይ ክንድ የሚያክል ጉድጓድ ቆፈርኩ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ በስልኬ መብራት ሳይ ውሃው አለ። ዛሬ ጠዋት ልጄ የወረቀት ጀልባ እያንሳፈፈበት አገኘሁት።

እንግዲህ መረሬ ነው። ጉድጓዱን አውጥቼ ጠጠር ልሙላበት?


ጋሽ ግንበኛ
መስከረም 30

አትሙይው! ልጄ፣ መረሬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ማለት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጠጠር መጨመር ማለት ነው። ውሃው ከአካባቢው ሁሉ ተጠራርቶ ወደዚያ ይገባል። መውጫ የለውም። ብዙ ሰው ለአጥር መሠረትም እንዲሁ ሲሳሳት አይቻለሁ።

አትቆፍሪ፤ ከፍ አድርጊ። ያለሽ መሬት ዝቅዝቅ ማለቱ ትልቅ ዕድል ነው። መጀመሪያ ድንጋዮቹን አንሺያቸው። ከዚያ መረሬውን እንዳለ ተይው፤ ከላይ ብቻ በአካፋ ፊቱን ወደ በሩ እንዲያዘነብል አስተካክይው። እላዩ ላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድብልቅ ትቆልያለሽ። ድብልቁ ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ይሁን። ሬድ አሽ ማለቴ ያ ለመንገድና ለወለል ሥር የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ በደብረ ዘይት በኩል ያሉት ኮረብታዎች ሞልተውታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጥቂት እርጥበት ይይዛል፣ ትርፉን ይለቃል። የግንባታ አሸዋ ብቻውን አይሆንም። መረሬ ላይ ትንሽ አሸዋ ከቀላቀልሽ ደግሞ ጡብ ትሠሪያለሽ።

ድንጋዩ ሲቀመጥ አንድ ሦስተኛው ይቀበር። ከላይ ብቻ ተቀምጦ የሚታይ ድንጋይ የተረሳ ድንጋይ ይመስላል፤ ልጅ ሲወጣበትም ይንከባለላል። ሰፊው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጀርባውን ወደ ኋላ ጋደል አድርጊው፤ እንዲህ ሲሆን ዝናቡ ወደ ተክሉ ሥር ይመለሳል እንጂ አፈሩን ጠርጎ አይወስድም። በሁለት ድንጋይ መሃል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተይ። ጦስኝሽን የምትተክይው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ዕድሜዬ 67 ነው፤ ስለ አበባ አላውቅም። ስለ ውሃ ግን አውቃለሁ።


ከአውሮራ
ጥቅምት 2

ጋሽ ግንበኛ የተናገሩት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ሮክ ጋርደን (እንዳንቺው በድንጋይ መሃል የሚተከል አትክልት) የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚሉት ነው። የእኔም ግቢ ሸክላ አፈር ነው። ከፍ አድርጌ በጠጠር ሠራሁት።

እዚህ ሰው ሣሩን እያወጣ የሚሳበውን ታይም ይተክላል። ውሃ ውድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ በክረምቱ ብቻ ከዚህ ትበልጣለች። ስለዚህ እህቴ፣ ከኢንተርኔት ላይ የምታነቢው ምክር አብዛኛው ለደረቅ አገር የተጻፈ ነው። "ብዙ ውሃ አይፈልግም" ሲሉ ለእኔ ጥሩ ዜና ነው፤ ላንቺ ግን "ብዙ ውሃ ይገድለዋል" ማለት ነው። እኔ ከሰማይ የሚመጣው አንሶኝ አጠጣለሁ፤ አንቺ ደግሞ ማሸሽ አለብሽ።

ችግኝ መሸጫው የሸጠሽ የአውሮፓ የወጥ ቤት ታይም ይመስለኛል። እሱ ቁጥቋጦ ነው፤ እንጨት ሠርቶ ይቆማል፤ አይሳብም። አልዋሹሽም፤ ዘመዱ ነው። የሚሳበውም ብዙ ዓይነት ነው። እኔ ጋ ሁለት አለ። አንዱ ቀይ አበባ ያለው፣ ከመሬት አምስት ሳንቲ ሜትር የማይርቅ ነው። ሌላው ዎሊ ታይም ይሉታል፤ ቅጠሉ እንደ በግ ግልገል ፀጉር የለበሰ፣ ግራጫ፣ ሲነኩት ደስ የሚል። ግን ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ጊዜ "ጦስኝ አገኘሁ" ብዬ ቀጥፌ ሻይ አፈላሁ። ሙቅ ውሃ ጠጣሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ኢንተርኔት ላይ ኮረብታ ሙሉ ሮዝ ምንጣፍ የለበሰ ሥዕል አይተሽ "የታይም ዘር በሦስት ሳምንት" የሚል ማስታወቂያ ካገኘሽ እለፊው። ብዙውን ጊዜ ያ ሥዕል ታይም እንኳ አይደለም፤ ፍሎክስ የሚባል ሌላ አበባ ነው፤ ጃፓኖች በየኮረብታው ይተክሉታል። እኔ ዘሩን ገዝቻለሁ። እንደ ስናፍጭ ዱቄት የደቀቀ ነገር መጣ፤ የበቀለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነተኛው የታይም ዘርም በጣም ደቃቃ ነው፤ አፈር ካለበስሽው አይወጣም፤ ብርሃን ይፈልጋል። የባሶናው ወንድማችን ያለውን አድርጊ፤ ቁራጭ ይሻላል።

በ20 ወይም በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከያቸው። የመጀመሪያው ዓመት ምንም የሠራ አይመስልም። አትቸኩይ፤ ሥር እየሠራ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ይገናኛሉ። ካበበ በኋላ አንድ ሦስተኛውን በመቀስ ከርከም አድርጊው፤ ቅጠል የሌለው እንጨት ድረስ ግን አትውረጂ፤ ከእንጨቱ አያቆጠቁጥም። ካልተከረከመ መሃሉ እያረጀ እንደ መነኩሴ አናት ይመለጣል። የእኔ በአራተኛው ዓመት ተመልጦ ነበር። መሃሉን ጠጠር ሞልቼ፣ ከዳር ቁራጭ ወስጄ መልሼ ተከልኩበት።

ዝም ብዬ ልጨምር እንጂ፣ የአገራችን ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የሺምፐር ታይም ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሺምፐር በ1837 በፈረንጆቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ ተክል እየሰበሰበ አገሩ ጀርመን ሳይመለስ በ1878 አድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው። እኔ ይኸው ዴንቨር ዳር ተቀምጬ የፈረንጅ ጦስኝ አሳድጋለሁ፤ እሱ አድዋ ተቀምጦ የእኛን ይለቅም ነበር።


እማማ ጓሮ
ጥቅምት 2

ሰርዶ አለሽ? ሰርዶ ካለሽ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው። ጦስኝ ከስሩ የሚመጣውን ሰርዶ አይችለውም፤ ተጠላልፈው አንዱን ስትነቅይ ሌላው ይነቀላል። እኔ ሽቦ የመሰለ ሥሩን በሹካ እያነሳሁ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ለቅሜያለሁ። ሬድ አሹ ከመምጣቱ በፊት ጨርሺው፤ በኋላ አይቻልም። እና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት እንዳይሆን። አልፎ አልፎ ቢረገጥ ይሸታል እንጂ አይከፋውም፤ በየቀኑ ከተረገጠ ግን አይተርፍም።


የሰሚቷ
ጥቅምት 3

እማማ፣ ሰርዶ አለኝ። ሹካ ይዤ ወጣሁ።


የሰሚቷ
መስከረም 12፣ ዓመት ሆነው

ቤተሰብ፣ ረሳችሁኝ? እኔ አልረሳኋችሁም። የገባሁበትን ልንገራችሁ።

ሰርዶውን መልቀም ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሬድ አሹን የሚያመጣው ሰውዬ "ለመኪና ማቆሚያ ነው?" አለኝ። "ለጦስኝ" ስለው ሚስቱ ዘንድ ደውሎ ሳቀብኝ። ጋሽ ግንበኛ፣ ድንጋዮቹን እንዳሉት ቀበርናቸው፤ ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ሦስት ቀን ሲያማርር ከረመ፤ አሁን ግን እንግዳ ሲመጣ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ይላል።

ሃያ አራት ቁራጭ በእርጥብ ጋዜጣ መጣልኝ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተከልኩ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ አጠጣሁ። የካቲት ላይ ማጠጣት ተውኩ። እጄን ለማሰር ነው የቀረኝ እንጂ ባልዲውን ሁለት ሦስቴ አንስቼ መልሻለሁ። ሚያዝያ ላይ አንዱን ቀስ ብዬ ሳነሳው አልነሳም አለኝ። ከድንጋዩ ሥር ገብቶ ይዟል። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለማንም ሳልናገር ቡና አፈላሁ።

ክረምቱ እንግዲህ ይህን ዓመት እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሐምሌ ሙሉ በመስኮት እያየሁ ነበር። ከሃያ አራቱ ዐሥራ ዘጠኙ አሉ። አምስቱ ሞቱ፤ አምስቱም የታችኛው ረድፍ ናቸው፤ ድብልቁ ሳስቶ ከሲሚንቶው መተላለፊያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ከላይ ያሉት ግን ድንጋዩን ተሻግረዋል። ትልቁ እሬት ሥር ያለው እንደ ጣርማ በሩ ፊቱን ጥሎ ቁልቁል ወርዷል። ንብ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም፤ ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ትሰማለች።

መከርከሙን በተመለከተ መቀስ አላስፈለገኝም። አማቴ እኛ ጋ መጥተው ክረምቱን ከረሙ። በየጠዋቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተው ጫፍ ጫፉን ይለቅማሉ፤ አንዱን ለሻይ፣ አንዱን ለሽሮ፣ አንዱን "ለጉንፋን" ብለው ወረቀት ላይ ያሰጣሉ። መጀመሪያ ምንጣፌን በሉብኝ ብዬ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳየው እሳቸው የለቀሙበት በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ለጥ አለ፤ እሳቸው የማይደርሱበት ከኋላ ያለው ነው የተንጨበረረው። አሁን "እማዬ፣ በዚያ በኩልም ይልቀሙ" እላለሁ።

የቀረኝ የታችኛው ረድፍ ነው። ውሃው ሁሉ ተጠራርቶ እዚያ ይቆማል። ምን ልትከልበት?


ቀልዱ ይቅር
መስከረም 12

ፎገራ አድርጊው። ሩዝ ዝሪበት።